የመኪና እግር ልክ፦ ከእሽቅድምድም ሜዳ እስከ ዴዴሳ ቁልቁለት

በጋራዥ በር ላይ «አላይመንትና ባላንስ እንሠራለን» የሚል ጽሑፍ ያላየ አንባቢ ያለ አይመስለንም። ይሁን እንጂ አላይመንት ምን ማለት እንደ ሆነ ብንጠየቅ የብዙዎቻችን መልስ «መሪው እንዳይስብ የሚደረግ ነገር» ከማለት አያልፍም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ነገሩን ከሥሩ ማስረዳት ነው። ለትምህርት የምንወስደውም ለእሽቅድምድም የሚዘጋጀውን የስፖርት መኪና ነው፤ ምክንያቱም በእሽቅድምድም ሜዳ ላይ የእግር አቀማመጥ ስሕተት ወዲያውኑ ይጋለጣል፤ በነቀምትና በግምቢ መንገድ ላይ ግን ያው ስሕተት ቀስ እያለ ጎማ ይበላል፥ ጊዜውን ጠብቆም ሰው ይበላል። የምንደርስበትን አሳብ አስቀድመን እንናገር። ለመኪና ሁሉ ትክክል የሚሆን አንድ ቁጥር የለም፤ የእግር ልክ ልክ የሚሆነው መኪናው በእውነት ለሚሄድበት መንገድና በእውነት ለሚሸከመው ጭነት ሲስማማ ብቻ ነው።

ሦስቱ ማዕዘኖች

የመኪና እግር አቀማመጥ በሦስት ወገን ይለካል። የመጀመሪያው ካምበር ነው። ከመኪናው ፊት ለፊት ቆመን ስናይ ጎማው ራሱን ወደ መኪናው ካዘነበለ ካምበሩ ነጌቲቭ፥ ወደ ውጭ ካዘነበለ ፖዘቲቭ ይባላል።

ሁለተኛው ቶ ነው። ይህን ለመረዳት በአንድ ቀንበር የተጠመዱ ሁለት በሬዎችን ማሰብ ይበቃል። ሁለቱም ትልሙን ተከትለው ወደ ፊት ካዩ እርሻው ይቀናል፤ ራስ ለራስ ከተገፋፉ ወይም አንዱ ወደ ቀኝ ሌላው ወደ ግራ ከጎተተ ግን እርሻው ባይቆምም የጉልበታቸው እኩሌታ የሚያልቀው እርስ በርስ በመታገል ነው። እንደዚሁም የፊት ጎማዎች አፍንጫቸውን ወደ ውስጥ ካቀራረቡ ቶ ኢን፥ ወደ ውጭ ካራራቁ ቶ አውት ይባላል።

ሦስተኛው ካስተር ነው። የብስክሌት የፊት ሹካ ቀጥ ብሎ ወደ ታች አይወርድም፤ ራሱን ወደ ነጂው ጋደም ያደርጋል። የመኪናም የፊት እግር የሚዞርበት ዘንግ እንዲሁ ከላይ ወደ ኋላ ጥቂት ይጋደማል። ከታጠፈ በኋላ የተለቀቀ መሪ ወደ ቀጥታው የሚመለሰው በአብዛኛው በዚህ ምክንያት ነው።

ጉዳዩ ከመኪና በፊት የነበረ መሆኑን ማወቅም ደግ ነው። ሠረገላ ሲታጠፍ በውስጥ በኩል ያለው መንኰራኵር ጠባብ ክብ፥ በውጭ በኩል ያለው ሰፊ ክብ ስለሚዞር የውስጡ የበለጠ መታጠፍ አለበት። ለዚህ መላ ያበጀለት ጌኦርግ ላንከንስፐርገር የሚባል የሙኒክ ሠረገላ ሠሪ ነበር። በለንደን በ1818 እ.ኤ.አ. የባለቤትነት መብቱን ያስመዘገበለት ወኪሉ ሩዶልፍ አከርማን ነው። ስለዚህ ስሙ ለሠሪው ሳይሆን ለወኪሉ ቀረና እስከ ዛሬ መካኒኮች የአከርማን ሥርዐት ይሉታል።

በእሽቅድምድም ሜዳ

የስፖርት መኪና በፍጥነት ሲታጠፍ አካሉ ወደ ውጭ ይጋደማል፤ አብዛኛውም ክብደት በውጭ በኩል ባለው ጎማ ላይ ይወድቃል። ይህ ጎማ ቆሞ ሳለ ቀጥ ያለ ከነበረ፥ በመታጠፊያው ላይ በውጭ ጠርዙ ብቻ ይቆማል፤ መሬት የሚይዘውም ጠባብ ገጽ ይሆናል። ስለዚህ ለሜዳ የሚያዘጋጁት ሰዎች የፊቱን እግር አስቀድመው ወደ ውስጥ ያዘነብሉታል፤ በብዙ መኪናዎች ከ2 እስከ 3 ዲግሪ ተኩል ነጌቲቭ ይደርሳል። መኪናው በጋደመ ጊዜ ጎማው ቀጥ ይላል ማለት ነው። ከፊት ጥቂት ቶ አውት የሚሰጡም አሉ፤ አፍንጫው ቶሎ እንዲታጠፍ ብለው ነው። ከኋላ ግን ጥቂት ቶ ኢን ይሰጣሉ፤ ጅራቱ እንዳይሸሽ ነው።

ከዚህ የምንማረው ቁጥሩን ሳይሆን አሠራሩን ነው። መኪናውን የሚለኩት ነጂው ተቀምጦበት ወይም በክብደቱ ልክ አሸዋ በጆንያ ተጭኖበት ነው። ከሜዳው እንደ ወጣም የጎማውን ሙቀት በውስጥ፥ በመካከልና በውጭ ጠርዝ ይለካሉ። የውጩ ጠርዝ ከውስጡ እጅግ ከሞቀ ካምበሩ አንሷል፤ መካከሉ ብቻ ከሞቀ ነፋሱ በዝቷል። ጎማው ራሱ ይመሰክራል ማለት ነው።

በወለጋ መንገድ

ከአዲስ አበባ በአምቦ፥ በጌዶና በባኮ በኩል እስከ ነቀምት 330 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከዚያ ወደ ግምቢ የሚሄደው መንገድ ከ2,000 ሜትር በላይ ከሆነው ደጋ ወደ ዴዴሳ ቆላ ይወርድና ወንዙን ተሻግሮ እንደ ገና ይወጣል። በዚህ መንገድ የሚመላለሰው የስፖርት መኪና አይደለም፤ ቡናና በቆሎ የጫነ አይሱዙ፥ ሰውና ዕቃ የሞላ ሚኒባስ ነው።

አንድ ወጣት የሜዳውን ልክ ወስዶ በዚህ መንገድ በምትሄድ መኪናው ላይ ቢያደርግ ምን ያገኛል? 3 ዲግሪ ነጌቲቭ ካምበር በቀጥታ መንገድ ላይ የጎማውን የውስጥ ጠርዝ ይጨርሳል። ይህም ክፉ የሚሆነው፥ ቆሞ ለሚያይ ሰው የውጩ ጠርዝ አዲስ መስሎ የውስጡ ሽቦ ሊወጣ ስለሚችል ነው። ቶ አውቱም በኮረኮንች ላይ አፍንጫው ጎድጓድ ለጎድጓድ እየተከተለ እንዲዋልል ያደርጋል። በሜዳ ላይ ጥበብ የነበረው በዚህ ጥፋት ይሆናል።

የተሳሳተ ቶ ምን ያህል እንደሚጎዳ በሒሳብ እንየው። እያንዳንዱ የፊት ጎማ ከቀጥታው በግማሽ ዲግሪ ብቻ ቢሳሳት፥ ግማሽ ዲግሪ በዐይን የማይታይ ቢሆንም፥ ጎማው በ1 ኪሎ ሜትር ውስጥ 8.7 ሜትር ያህል ወደ ጎን ይጎተታል። ከአዲስ አበባ እስከ ነቀምት ሲደመር 2.9 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። ጎማ በአስፋልት ላይ ወደ ጎን 3 ኪሎ ሜትር ሊሞላ ጥቂት እስኪቀረው ድረስ ተፋቀ ማለት ነው። ይህ በአንድ መንገድ ብቻ ነው፤ መመለሻው ሌላ ነው። እንግዲህ ባለመኪናው በየጊዜው አዲስ ጎማ እየገዛ «የዛሬ ጎማ ጥራት የለውም» ቢል፥ የሚያማው የጎማውን ፋብሪካ ቢሆንም ጥፋተኛው ያው ግማሽ ዲግሪ ሊሆን ይችላል።

ጎማን ማንበብ

በዚህ በኩል የእሽቅድምድም ሰዎች በሙቀት መለኪያ የሚያነቡትን እኛ በመዳፋችን ልናነብ እንችላለን። መኪናው ቆሞ፥ ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ፥ መዳፍን በጎማው ገጽ ላይ ከውስጥ ወደ ውጭ፥ ከዚያም ከውጭ ወደ ውስጥ ማሳለፍ ነው። በአንድ ወገን ሲሄድ ለስላሳ፥ ሲመለስ እንደ መጋዝ ጥርስ የሚቧጭር ከሆነ ችግሩ ቶ ነው። አንዱ ጠርዝ ብቻ ለስልሶ ካለቀ ካምበርን እንጠርጥር። ሁለቱም ጠርዞች አልቀው መካከሉ ከቀረ ነፋስ አንሷል፤ መካከሉ ብቻ ካለቀ ነፋስ በዝቷል። ገጹ እዚህም እዚያም ጎድጎድ ካለ አሞርዛተሩን ወይም ባላንሱን መመርመር ያስፈልጋል።

በሲባጎና በማስመሪያ

የኮምፒዩተር መለኪያ ያለበት ጋራዥ ቢገኝ መልካም ነው። በማይገኝበት ከተማ ግን ሲባጎ፥ ማስመሪያና ቱንቢ ይበቃሉ፤ የእሽቅድምድም ሰዎችም በሜዳ ዳር በሲባጎ ይለካሉ። አሠራሩ እንደሚከተለው ነው።

1ኛ፤ ከመለካት በፊት የላላውን መፈለግ። ቴስቲኒው ወይም ኩሽኔታው የተበላ መኪና ዛሬ ቢለካ ነገ ልኩ አይገኝም። ባሌስትራውን ከአክስሉ ጋር የሚይዘው የመካከል ቡሎን ተሰብሮ እንደ ሆነም አክስሉ ሸርተት ስለሚል መኪናው እንደ ሸርጣን በጎን ይሄዳል።

2ኛ፤ መኪናውን በደልዳላ ቦታ ማቆም፥ የግራና የቀኙን ነፋስ ማስተካከል፥ መሪውን ማቅናት፥ ዘወትር የሚሸከመውን ያህል ክብደት መጫን።

3ኛ፤ በመኪናው ግራና ቀኝ፥ በጎማው እምብርት ከፍታ፥ ሁለት ሲባጎ ከፊት እስከ ኋላ መወጠር። በሲባጎዎቹ መካከል ያለው ርቀት ከፊትም ከኋላም እኩል ይሁን። ከሲባጎው እስከ ፊት እግር እምብርት ያለው ርቀትም በግራና በቀኝ እኩል፥ የኋላውም እንዲሁ ይሁን።

4ኛ፤ ከሲባጎው እስከ ቸርኬው የፊት ጠርዝና እስከ ኋላ ጠርዝ መለካት። የፊቱ ጠርዝ ከሲባጎው የበለጠ ከራቀ ቶ ኢን ነው፤ የበለጠ ከቀረበ ቶ አውት ነው። ቸርኬው 40 ሳንቲ ሜትር ስፋት ካለው የ3 ሚሊ ሜትር ተኩል ልዩነት ያንን ግማሽ ዲግሪ ማለት ነው።

5ኛ፤ ለካምበር ቱንቢውን ከላይ ማውረድና ከክሩ እስከ ቸርኬው የላይና የታች ጠርዝ መለካት። በዚሁ ስፋት 7 ሚሊ ሜትር 1 ዲግሪ ይሆናል።

6ኛ፤ ማስተካከል። ሁልጊዜ ካምበርና ካስተር ይቀድማሉ፥ ቶ ይከተላል፤ የፊተኞቹ ሲነኩ ቶውም ይለወጣልና። በብዙዎቹ የጭነት መኪናዎች የፊት አክስሉ አንድ ወጥ ብረት ስለ ሆነ በቡሎን የሚስተካከለው ቶ ብቻ ነው። በእያንዳንዱ ወገን የሚስተካከል የመሪ ዘንግ ያለው መኪና ከሆነ ሁለቱን በእኩል ማዞር ይገባል፤ አለዚያ መሪው ጠማማ ይቀራል። ቁጥሩ የሚወሰደው ከመኪናው ፋብሪካ መጽሐፍ ነው። መኪናውን ጥቂት ወደ ፊት አንቀሳቅሶ እንደ ገና መለካትም ግድ ነው። መለካቱን ማንም ሊማረው ይችላል፤ የመሪ ዳዶ መፍታትና ማጥበቅ ግን የሠለጠነ መካኒክ ሥራ ነው።

አንድ ነገር እንጨምር። አገራችን ከ1956 ዓ.ም. ወዲህ በቀኝ ስለምትነዳና አስፋልትም ውሃ እንዲወርድ ወደ ዳር ስለሚያዘነብል፥ መሪው በጥቂቱ ወደ ቀኝ ቢስብ ሁልጊዜ በሽታ አይደለም። ፍርዱ በደልዳላ መንገድ ተሞክሮ ይሰጥ።

ፍሬ ነገሩ

ነጂው ብዙ ጊዜ ባለንብረት አይደለም፤ ባለንብረቱም መንገዱን አያየውም። ጎሚስታው የተበላውን የፊት ጎማ ወደ ኋላ ሲያዛውረው ምልክቱ ይደበቃል እንጂ በሽታው ከፊት እንዳለ ይቀራል። በዚህ መካከል በዴዴሳ ቁልቁለት፥ ጭነቱ ሁሉ ወደ ፊት በተደፋበት ሰዓት፥ የውስጥ ጠርዙ ያለቀ ጎማ ላይ ነፍሱን የሚጥለው ተሳፋሪው ነው። ለዕረፍት ወደ ደምቢ ዶሎ፥ ወደ ነጆና ወደ መንዲ ከምንሄደው ብዙዎቻችን ተሳፋሪዎች ነን። በመነኻሪያ ከመሳፈራችን በፊት ዝቅ ብሎ የጎማውን የውስጥ ጠርዝ ማየት የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። ያየነውንም ለሾፌሩ በትሕትና እንንገረው፤ ያን የተበላ ጎማ ተማምኖ ከእኛ ጋር የሚወርደው እሱም ነውና።