መቋሚያ ከመያዝ በፊት መቆም

በቻይና ሄናን ክፍለ ሀገር ቸንጂያጎው የምትባል መንደር አለች፤ ታይ ቺ የተባለው የፍልሚያ ጥበብ መፍለቂያ ናት። እዚያ ተማሪው ከቁመቱ በእጅጉ የሚረዝም፣ ሦስት ሜትር ገደማ የሚሆን ዘንግ ይሰጠዋል። የሚሰጠው ግን ዝም ብሎ መቆምንና ክብደቱን በእግሩ ላይ ማሳረፍን ከለመደ በኋላ ነው። እንዲህ የረዘመ እንጨት በክንድ ጉልበት ብቻ አይታዘዝም። ከእግር የተነሣው ኃይል በወገብ አልፎ እጅ ሲደርስ የዘንጉ ጫፍ ይርገበገባል፤ መንገድ ላይ ከተቋረጠ ጫፉ ያሳብቃል። ሠልጣኙም ወደ ውጭ ማዞርን፣ ወደ ውስጥ ማዞርንና መውጋትን ለዓመታት ይደጋግማል።

ልጆቼ፣ ይህን ያነሣሁት በማኅሌት የምንይዘውን የእኛን ዘንግ፣ መቋሚያን፣ ላስተምራችሁ ነው። መቋሚያ ማንም አይመታበትም። ትምህርቱ ግን እንደዚያው ከእግር ይጀምራል።

አስቀድመን ከመጽሐፍ እንነሣ። እስራኤል የመጀመሪያውን ፋሲካ የበሉት ወገባቸውን ታጥቀው፣ በትራቸውን በእጃቸው ይዘው ነው። ያዕቆብ ሊሞት ሲል በዘንጉ ጫፍ ተጠግቶ ሰገደ (ዕብ. 11፥21)። ከሁሉ ይልቅ ግን ዘጸአት 17ን ደጋግማችሁ እንድታነቡት እለምናችኋለሁ። ኢያሱ ከዐማሌቅ ጋር ሲዋጋ ሙሴ የእግዚአብሔርን በትር ይዞ ኮረብታው ራስ ላይ ቆመ። እጁን ሲያነሣ እስራኤል ድል ያደርጋል፤ ሲያወርድ ዐማሌቅ ይበረታል። በደከመ ጊዜ ድንጋይ አምጥተው አስቀመጡት፤ አሮንና ሖርም አንዱ በዚህ፣ አንዱ በዚያ ሆነው ፀሐይ እስክትገባ እጁን ደገፉለት። ሰይፍ የያዘው ኢያሱ ነው፤ ድሉ ግን በትር ከያዘው ሰው ጸሎት ጋር የተያያዘ ነበር። በማኅሌት መዘምራኑ በቀኝና በግራ ተሰልፈው፣ ፊት ለፊት እየተያዩ፣ አንዱ ወገን ሲያርፍ ሌላው ሲቀበል ባየሁ ቁጥር ይህ ምዕራፍ ትዝ ይለኛል።

የማኅሌቱ አባት ቅዱስ ያሬድ በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአክሱም፣ በዐፄ ገብረ መስቀል ፊት ሲዘምር ንጉሡ በዜማው ተመስጠው በያዙት ጦር እግሩን ወጉት፤ ያሬድም ንጉሡም አልተሰማቸውም ይላል ትውፊታችን። ጦሩ ላይ ያለው እጅም፣ የተወጋው እግርም በዜማው ተይዘው ነበር።

አሁን ወደ አያያዙ እንምጣ። የአቋቋም ሥርዐት የሚጀምረው በቁም ነው፤ ዜማው ያለ እንቅስቃሴ ይባላል። ከዚያ ዝማሜ ይከተላል፤ ከበሮ ገና አልተመታም፣ መቋሚያው ብቻ ነው የሚንቀሳቀሰው። ከበሮ የሚገባባቸው መረግዱና ጽፋቱ ከዚህ በኋላ ይመጣሉ። ጀማሪ የሚሳሳተው ዝማሜ ላይ ነው፤ መቋሚያውን በእጁ አንጓ ያወዛውዘዋል። እንዲህ አይደለም። ክብደታችሁ ከአንዱ እግር ወደ ሌላው በዝግታ ይሻገር፤ ጉልበት አይገተር፤ ወገብ ይከተል፤ መቋሚያው ከሁሉ በኋላ ይምጣ። የመቋሚያውን መንገድ ርዝመት የሚወስነው ዜማው ነው። ቃሉ ገና እየተሳበ መቋሚያው ቀድሞ ከደረሰ፣ ልብም ቀድሞ ሄዷል ማለት ነው፤ መሪጌታው ይህን ከሩቅ ያያል።

ሊቃውንቱ ለምን እንዲህ ይጠነቀቃሉ? መቋሚያ የመስቀሉ ዕንጨት ምሳሌ ስለሆነ ነው። ወደ ቀኝና ወደ ግራ መዝመሙ፣ በዕለተ ዓርብ ጌታን ከሐና ወደ ቀያፋ፣ ከጲላጦስ ወደ ሄሮድስ እያንገላቱ መውሰዳቸውን ያሳስባል። እየተንገላታ ዝም ያለውን ጌታ እያሰበ የሚዘም ሰው መቋሚያውን ሊያጣድፈው አይችልም። ከበሮውም ጌታ የተመታውን መመታት ያስታውሳል።

ይህን በጥልቀት ለመማር ሊቃውንቱ ድጓን በቤተ ልሔም፣ ዝማሬ መዋሥዕትን በዙር አምባ ከዘለቁ በኋላ አቋቋምን ጎንደር በአታ ሄደው ያስመሰክራሉ። የብዙ ዓመት እንግልት ነው፤ የቆሎ ተማሪው እህል እየለመነ ያልፈዋል። በጥምቀት ዕለት መቋሚያ ገዝቶ ጎዳና ላይ ማወዛወዝ ግን አንድ ከሰዓት ይበቃዋል። ለዚህ ነው ልዩነቱን እንድታውቁት የምፈልገው።

ቡና በሚለቀምባት በአሪቻ ላላችሁ ልጆቼ አንድ ነገር ልጨምር። ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ያለው ዘመነ ጽጌ፣ በእናንተ ዘንድ ቡናው እየቀላ ለቀማው የሚጀመርበት ወራት ነው። ቀኑን ቡና ሲለቅም የዋለ ሰው ሌሊቱን ማኅሌተ ጽጌ ሲቆም ጉልበቱ ይከዳዋል፤ መቋሚያው ለዚያም ተሰጥቷል፣ መደገፉ ነውር አይደለም። በዚህ ጽጌ መቋሚያ ለመግዛት አትቸኩሉ። አቅራቢያችሁ ወዳለ መሪጌታ ሂዱና ቁም ዜማውን አስተምሩኝ በሏቸው፤ መቋሚያውን እርሳቸው ጊዜው ሲደርስ ይስጧችሁ።