በእጅ የተሞላ ጥይት ለዒላማና ለአደን፦ የውጅግራ ቀለሃ በካፋ፣ በቤንችና በማጂ ምድር

አጠቃሎ

ይህ ጽሑፍ በእጅ የሚሞላ የጠመንጃ ጥይት ለዒላማ ተኩስም ለአደንም ሊያገለግል የሚችለው በምን ሁኔታ እንደሆነ ይመረምራል። ማሳያው ከ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን የመጀመሪያ ዐሥርታት ድረስ በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ይዘዋወር የነበረው የውጅግራ ጥይት ነው። በቀላል ስሌት እንደሚታየው፣ በባሩድ ልክ ላይ የሚፈጠር የአንድ ዐሥረኛ ጉድለት በ200 ሜትር ዒላማ ላይ ውጤትን ያበላሻል፤ በ50 ሜትር የደን አደን ላይ ግን እምብዛም አይታወቅም። በመሆኑም ስለ አካባቢው የጥይት ምርጫ የሚሰጥ ፍርድ ከርቀት፣ ከቀለሃና ከባሩድ አቅርቦት ጋር ተገናዝቦ ሊሰጥ ይገባል የሚለው የጽሑፉ መከራከሪያ ነው።

ቁልፍ ቃላት፦ ውጅግራ፣ ቀለሃ፣ ባሩድ፣ ዒላማ፣ አደን፣ ማጂ

1. መግቢያ

የኢትዮጵያ የጦር መሣሪያ ታሪክ በአመዛኙ የተጻፈው ጠመንጃን በመቁጠር ነው። ስንት ጠመንጃ በየትኛው ወደብ እንደገባና በማን እጅ እንደወደቀ በሰፊው ተጠንቷል። ይሁን እንጂ ጠመንጃ ያለ ጥይት ከዱላ አይሻልም። ከወደብ እጅግ በራቀው የደቡብ ምዕራብ ምድር፣ ማለትም በዛሬዎቹ ሚዛን ተፈሪ፣ ቴፒና ማጂ አካባቢ፣ የመሣሪያውን ጥቅም የሚወስነው በዝናር ውስጥ ያለው ጥይት ብዛትና ጥራት ነበር። የተተኮሰ ቀለሃ ተለቅሞ በአዲስ ባሩድና እርሳስ የሚሞላውም በዚህ ምክንያት ነው። ለመሆኑ በዚህ መንገድ የተሞላ ጥይት ለየትኛው ተግባር ይበቃ ነበር?

2. ታሪካዊ መነሻ

«ውጅግራ» የሚለው ስም የመጣው «ፉዚ ግራ» ከሚለው የፈረንሳይኛ መጠሪያ ነው። ጠመንጃው በፈረንሳይ ጦር እ.ኤ.አ. በ1874 (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመተ ምሕረቶች ካልተገለጸ በቀር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ተቀባይነት ያገኘ፣ አንድ በአንድ የሚጎርስና 11 ሚሊ ሜትር የውስጥ ስፋት ያለው መሣሪያ ነው። ኬሚስቱ ፖል ቪዬይ በ1884 ጭስ አልባ ባሩድን ሠርቶ፣ ፈረንሳይም በ1886 ለዚሁ ባሩድ የተዘጋጀውን ለበል የተባለ ጠመንጃ ስትቀበል፣ ግራ ከጦሩ ወጥቶ ለሽያጭ ቀረበ። ከፊሉም በኤደን ባሕረ ሰላጤ ወደቦች በኩል ወደ ሸዋ ገባ።

በ1897 የራስ ወልደ ጊዮርጊስ ጦር የካፋውን ንጉሥ ጋኪ ሸሮቾን ማርኮ ግዛቱን ያዘ። በ1898 ደግሞ ይኸው ጦር በዘመኑ ሰነዶች «ጊሚራ» በሚባለው በዛሬው የቤንች ምድር በኩል እስከ ቱርካና ሐይቅ ዘመተ፤ ሩሲያዊው መኮንን አሌክሳንደር ቡላቶቪች አብሮ ተጉዞ ጉዞውን በመጽሐፍ አስፍሮታል። ከዚያ በኋላ የተተከለው ሥርዓት ምን ዓይነት እንደነበር ፒተር ጋረትሰን በ1986 ባሳተመው የማጂ ጥናት አሳይቷል፦ የዝሆን ጥርስ፣ የባሪያ ንግድና የጦር መሣሪያ እርስ በርሳቸው የተመጋገቡበት ሥርዓት ነበር። ጥይት የዝሆን ጥርስ ያስገኛል፤ የዝሆን ጥርስም ተመልሶ ጥይት ይገዛል። በዚህ ዑደት ውስጥ ዋነኛውን ዋጋ የከፈለው የአገሩ ነዋሪ ነው።

3. የጥይቱ አካላትና በእጅ መሙላት

አንድ ጥይት አራት አካላት አሉት፦ ቀለሃ፣ መለኮሻ ቆብ፣ ባሩድና አረር። የውጅግራ ጥይት ከፋብሪካ ሲወጣ 5.25 ግራም ጥቁር ባሩድና 25 ግራም ያህል የሚመዝን፣ በወረቀት የተጠቀለለ የእርሳስ አረር ይይዛል። አረሩ በሰከንድ 450 ሜትር ገደማ ፍጥነት ይወጣል፤ ይህም ወደ 2,500 ጁል የሚጠጋ ጉልበት ነው።

ከአራቱ አካላት ሁለቱ በአገር ውስጥ ሊገኙ ይችላሉ። ጥቁር ባሩድ ከጨው ጴጥር፣ ከድኝና ከከሰል የሚሠራ በመሆኑ በኢትዮጵያ ለረዥም ዘመን ተመርቷል፤ እርሳስም በቀላል እሳት ይቀልጣል። መለኮሻ ቆብ ግን የፋብሪካ ውጤት ነው። ቀለሃውም በተተኮሰ ቁጥር እየሰፋ፣ ተመልሶ በተጠበበ ቁጥር ናሱ እየደረቀ ሄዶ አንገቱ ላይ ይሰነጠቃል።

ለበል በአንጻሩ ጭስ አልባ ባሩድ ይፈልጋል፤ ይህ ደግሞ በቤት ውስጥ የሚሠራ አይደለም። የለበል ጠባብ አፈሙዝ በጥቁር ባሩድ ጥላሸት ፈጥኖ ይደፈናል። ጭስ አልባውን ባሩድ በጥቁሩ ልክ ውጅግራ ውስጥ መጨመርም ጠመንጃውን ሊያፈነዳ ይችላል። ስለዚህ ፈጣኑ ጠመንጃ ከወደብ ጋር የታሰረ ሲሆን አሮጌው ግን በከፊል በአገር ምርት ሊኖር የሚችል ነበር።

4. ዒላማ የሚጠይቀውና አደን የሚጠይቀው

የዒላማ ተኳሽ ከሁሉ በላይ የሚሻው ወጥነትን ነው። ዐሥር ጥይት ቢተኩስ ዐሥሩም እርስ በርሳቸው የተመሳሰሉ መሆን አለባቸው። ግራ በተወለደበት በዚያው በ1874 በኒው ዮርክ አቅራቢያ ክሪድሙር በተባለ ሜዳ አሜሪካውያንና አየርላንዳውያን እስከ 1,000 ያርድ በሚደርስ ርቀት ተወዳድረው አሜሪካውያን 934 ለ931 አሸንፈዋል። በሦስት ነጥብ ልዩነት በሚወሰን ውድድር የባሩድ ልክን በትክክል መመዘን ትርፍ ትጋት አይደለም።

አዳኝ ግን በመጀመሪያው ጥይት ይፈረድበታል። ጥቁር ባሩድ ሲነድ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ክብደቱ ጠጣር ዝቃጭ ይሆናል። ዝቃጩም እርጥበት እየሳበ ይከማቻል፤ ሳይጸዳ ካደረ ብረቱን ይበላል። በዒላማ ሜዳ ይህ ከተኩስ ወደ ተኩስ ውጤትን የሚለዋውጥ ችግር ነው። አዳኙ ጠመንጃውን ጠርጎ ስለሚወጣና አንዴ ወይም ሁለቴ ብቻ ስለሚተኩስ ችግሩ በዚያ መጠን አይነካውም።

የአረሩ ጠባይም ይለያያል። ለስላሳ እርሳስ ሥጋ ውስጥ ሲገባ እየተንጠፈጠፈ ሰፊ ቁስል ስለሚያደርስ ለድኩላና ለከርከሮ ተስማሚ ነው። የዝሆን ራስ ቅል ላይ ግን ቅርጹን አጥቶ ሊቀር ይችላል፤ ለዚህ ጠንካራና ዘልቆ የሚገባ አረር ያስፈልጋል። ወረቀት የሌለው፣ በቤት የቀለጠ አረር ደግሞ በአፈሙዙ ጠመዝማዛ ቦዮች ላይ እርሳስ እየለቀቀ የዒላማውን ትክክለኛነት ይቀንሳል።

5. ርቀት እንደ ዳኛ

የአየር ግጭት ለጊዜው ቢተው፣ በ450 ሜትር በሰከንድ የሚወጣ የውጅግራ አረር 200 ሜትር ሲደርስ ከአፈሙዙ መስመር 97 ሳንቲ ሜትር ይወርዳል። በ1898 ለለበል የተሠራውና 700 ሜትር በሰከንድ የሚበርረው ሹል አረር በዚያው ርቀት 40 ሳንቲ ሜትር ብቻ ይወርዳል። የአየር ግጭት ሲታከል ሁለቱም ከዚህ በላይ ይወርዳሉ።

አሁን የባሩዱ ልክ በአንድ ዐሥረኛ፣ ማለትም በግማሽ ግራም ገደማ ቢጎድል ምን ይሆናል? የአረሩ ጉልበት ከባሩዱ ልክ ጋር ተመጣጣኝ ነው ቢባል ፍጥነቱ 5 በመቶ ያህል ይቀንሳል፤ ወደ 427 ሜትር በሰከንድ ይወርዳል። በ200 ሜትር ላይ የአረሩ መውረድ 108 ሳንቲ ሜትር ይሆናል፤ ከሙሉው ጥይት ጋር ያለው ልዩነት 11 ሳንቲ ሜትር ነው። ይህ ልዩነት አንድን ተወዳዳሪ ከአሸናፊነት ያወጣዋል። በ50 ሜትር ግን ሙሉው ጥይት 6.1፣ ጎዶሎው 6.7 ሳንቲ ሜትር ይወርዳሉ። ልዩነቱ ከአንድ ሳንቲ ሜትር በታች በመሆኑ የትኛውም አዳኝ አያስተውለውም።

የሸካና የቤንች ደን፣ እንዲሁም በዛፍ ጥላ ሥር የሚበቅለው ቡና፣ ዓይን ሩቅ የሚያይበት ስፍራ አይደለም። በቅርብ ርቀት ለሚተኩስ ሰው ከባዱና ዝግተኛው የውጅግራ አረር ጉድለቱ ተሸፍኖለታል። ከማጂ ደጋ ወደ ኦሞ ሜዳ ሲወረድ ግን ርቀቱ ይከፈታል፤ በዚያ መስክ ላይ በእጅ የተሞላው ጥይት ድክመት ይገለጣል። አንዱ ጥይት በደኑ ብቁ፣ በሜዳው ደካማ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

6. ገንዘብ የሆነ ጥይት

ሪቻርድ ፓንክኸርስት በኢኮኖሚ ታሪክ ጥናቶቹ ጥይት ከአሞሌ ጨውና ከማርያ ቴሬዛ ብር ጎን ለጎን በኢትዮጵያ እንደ መገበያያ ማገልገሉን አሳይቷል፤ የደቡብ ምዕራብ ገበያዎች የዚህ ዓይነተኛ ማሳያ ናቸው። ይህ ተግባር ለጥራት ጥያቄ ሌላ ገጽታ ይሰጠዋል። ገንዘብ የሆነ ጥይት የሚመዘነው በመልኩ ነው፤ አዳኝ የያዘው ጥይት የሚመዘነው በባሩዱ ነው። ባሩዱ የጎደለ ወይም የረጠበ ጥይት ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ጉድለቱ ሳይታወቅ ይቆያል፤ እውነቱ የሚወጣው ቃታ ሲሳብ ነው። በዚያች ቅጽበት ከዝሆን ወይም ከጎሽ ፊት የቆመው ሰው ከእርሱ በፊት ጥይቱን የተቀባበሉትን ሁሉ ጉድለት ብቻውን ይከፍላል። በገበያ ሙሉ ዋጋ ያለው ጥይት በአደን ሙሉ ዋጋ አለው ማለት አይደለም።

7. ማጠቃለያ

ለዒላማና ለአደን በአንድነት የሚሆን በእጅ የተሞላ ጥይት የሚገኘው ሁለቱ ተግባራት በአንድ ዓይነት ርቀት ሲከናወኑና አረሩ ለታለመለት እንስሳ የሚስማማ ሲሆን ብቻ ነው። ርቀቱ ሲጨምር ወጥነት ይቀድማል፤ ርቀቱ ሲያጥር የአረሩ ክብደትና ጠባይ ይቀድማሉ። ከዚህ አንጻር የደቡብ ምዕራብ ተኳሾች ለበል ከተፈለሰፈ በኋላም በውጅግራ መጠቀማቸው ካለማወቅ የመጣ ተደርጎ ሊታይ አይገባውም። የቀለሃው ዳግም መሞላት፣ የባሩዱ በአገር መገኘትና የደኑ ቅርብ ርቀት አንድ ላይ ሲታዩ ምርጫው ምክንያታዊ ነበር።

ለቀጣይ ጥናት ሁለት መንገዶች ክፍት ናቸው። አንደኛው በአዛውንት አዳኞች ትውስታ ውስጥ የተኩስ ርቀትንና የጥይት ሞይዎችን ማንነት መጠየቅ ነው። ሁለተኛው በቤተ መዘክርና በግለሰቦች እጅ የሚገኙ ቀለሃዎችን አንገት፣ ስንጥቅና የቆብ ምልክት መመርመር ነው፤ ያልተተኮሰ አሮጌ ጥይት ግን በባለሙያ እንጂ በተመራማሪ እጅ ሊከፈት አይገባም። ዛሬ መሣሪያና ጥይትን የሚገዛው አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ዓ.ም. ሲሆን፣ የዱር እንስሳት አደንም በአዋጅ ቁጥር 541/1999 ዓ.ም. መሠረት ፈቃድ ይጠይቃል። የካፋ ደን በ2010፣ የሸካ ደን በ2012 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራዎች ሆነው ተመዝግበዋል። የውጅግራ ቀለሃ ታሪክ እነዚህ ደኖች የዝሆን ጥርስ ምንጭ ሆነው ሲቆጠሩ የነበረበትን ዘመን ለመረዳት የሚያስችል፣ በእጅ የሚያዝ ሰነድ ነው።