ሃርድ ዲስክ ስንቀይር ባዮሱን አንርሳ

የቆየ ላፕቶፕ ሃርድ ዲስኩ በኤስኤስዲ ሲተካ በግልጽ ይፈጥናል። ከሁሉ በፊት ግን የመመረቂያ ጽሑፋችሁን ፍላሽ ላይ ገልብጡ፤ ቢትሎከር ካለም የመክፈቻ ቁልፉን ያዙ።

የድሮውን ዲስክ ወደ አዲሱ ገልብጣችሁ ከቀየራችሁ በኋላ ላፕቶፑ አልነሳም ቢል፣ ኤስኤስዲው ተበላሽቷል ብላችሁ አትደምድሙ። ባዮስ ገብታችሁ ሁለት ነገር እዩ፦

1. ዊንዶውሱ የተጫነው በኤምቢአር ከሆነ ሌጋሲ፣ በጂፒቲ ከሆነ ዩኢኤፍአይ ይመረጥ።
2. የሳታ ምርጫው (ኤኤችሲአይ ወይም ሬይድ) ዊንዶውሱ ሲጫን እንደነበረው ይሁን።

ባዮሱን ማደስ ካስፈለገ ባትሪው ሞልቶ፣ ቻርጀሩም ተሰክቶ ይሁን። መሃል ላይ ኃይል ከተቋረጠ ላፕቶፑ ጨርሶ ላይነሳ ይችላል።

አዲሱ በደንብ መሥራቱን ሳታረጋግጡ የድሮውን ዲስክ አታጥፉ።