የስደተኛ ድርሰት ባለቤቱ ማን ነው?

ከደብረ ታቦር ጥቂት ወጣ ብሎ የሚገኘውን ጋፋትን የማያውቅ ተማሪ በመካከላችን ያለ አይመስለኝም። ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ የተሠራው በዚያ ነው። «ማን ሠራው?» ሲባል ሁላችንም «ዐፄ ቴዎድሮስ» እንላለን፤ ከባሕር ማዶ የመጡትን ባለሙያዎች ስም የሚጠራ ግን ጥቂት ነው። እኔም ዘንድሮ ከዚህ የባሰ ስሕተት ሠርቻለሁ።

ከኤርትራ ተሰዶ ከዘመዶቹ ጋራ የሚኖር አንድ ጓደኛዬ ስለ ጉና ተራራ ግጥም ጽፎ ነበር። እኔም በራሴ ስም በክፍላችን ግድግዳ ላይ ለጠፍሁት። «የአገሩ ዜጋ አይደለም፤ ማን ይጠይቀኛል?» ብዬ ነበር። እሱ ቅር ብሎት ዝም አለ። መምህራችን በሰሙ ጊዜ አልተቈጡኝም፤ «ሕጉን አንብብ» አሉኝ። ያነበብሁትን እነሆ ላካፍላችሁ።

በ1943 ዓ.ም. በጄኔቭ የተፈረመውን የስደተኞች ስምምነት ኢትዮጵያ በ1962 ዓ.ም. ተቀብላለች። 14ኛው አንቀጽ በድርሰት፣ በሥነ ጥበብ፣ በፈጠራ ሥራና በንግድ ምልክት ረገድ ስደተኛው በሚኖርበት አገር ከዜጋው እኩል ጥበቃ እንዲያገኝ ያዛል።

የአገራችን የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 ደግሞ ዜጋውን ብቻ ሳይሆን ዋና መኖሪያው በኢትዮጵያ የሆነውንም ደራሲ ይጠብቃል። ሥራው መጀመሪያ የታተመው በኢትዮጵያ ከሆነ የደራሲው ዜግነትም ሆነ መኖሪያ አይጠየቅም፤ ስለዚህ ጥገኝነት ጠይቆ ውሳኔ የሚጠባበቀውም ሰው ከዚህ ጥበቃ አይወጣም። ምዝገባም አያስፈልግም፤ ሥራው የራሱ ወጥ ሥራ ሆኖ በጽሑፍ ወይም በሌላ መንገድ መቀረጹ ይበቃል። መብቱ በደራሲው ዕድሜ ሙሉና ከሞቱ በኋላ ለ50 ዓመት ይጸናል። አዲስ መሣሪያ የፈለሰፈ ሰው ግን በአዋጅ ቁጥር 123/1987 መሠረት ማመልከትና ፓተንት ማውጣት አለበት።

ስደተኛ ለአገር ምን ይሰጣል የሚል ቢኖር ኬቮርክ ናልባንዲያንን ያስታውስ። ይህ አርመናዊ ሙዚቀኛ በ1916 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም ካመጧቸው አርባ ወላጅ አልባ ልጆች ጋራ መጣ። በ1923 ዓ.ም. በንግሥ በዓል የተሰማውን የብሔራዊ መዝሙር ዜማ የደረሰ እሱ ነው፤ ግጥሙ የዮፍታሔ ንጉሤ ነው። አገር የሁለቱንም ስም ይዛለች።

በማግስቱ ስሜን ፍቄ የጓደኛዬን ስም ጻፍሁ፤ በክፍሉም ፊት ይቅርታ ጠየቅሁት። አገሩን ትቶ የመጣ ሰው ቤቱንና ንብረቱን ጥሎ ይመጣል፤ ይዞት የሚመጣው በጭንቅላቱ ያለውን ነው። ያንንም ከወሰድንበት ምን ይቀረዋል? ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ «የሰው ወርቅ አያደምቅ» የሚለውን የአባቶቻችንን ቃል በደብተራችንም ላይ እናስበው።