ጭላዳና ቀይ ቀበሮ ፎቶ ለማንሳት፦ ቀብድ ከመክፈልዎ በፊት ማወቅ ያለብዎ

ድብ ፎቶ ማንሳት የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ ፓስፖርት ያውጣ። ኢትዮጵያ ውስጥ ድብ የለም። የአፍሪካ ብቸኛ ድብ የነበረው የአትላስ ተራሮች ድብም ከጠፋ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። አሜሪካ ያለ ዘመድዎ አላስካ ሄዶ ከፏፏቴ ላይ ዓሣ የሚቀልብ ድብ አንስቶ ቢልክልዎ አይቅኑ። ከደሴና ከኮምቦልቻ ተነስቶ በመኪና በሚደረስበት ደጋ ላይ ከኢትዮጵያ ውጭ በዱር የማይገኙ ሁለት እንስሳት አሉ፤ ጭላዳ ዝንጀሮና ቀይ ቀበሮ። አስጎብኚ ይዞ፣ ካሜራ አንግቶ እነሱን ለማየት የሚደረግ ጉዞ ከቀረበልዎ እሺ ከማለትዎ በፊት የሚከተሉትን ይጠይቁ።

የትኛውን ፈልገው ነው የሚሄዱት?

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ቀይ ቀበሮ በመላው ኢትዮጵያ አዋቂዎቹ ብቻ ቢቆጠሩ 500 አይሞሉም፤ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ደግሞ ባሌ ናቸው። እኛ አካባቢ በቦረና ሳይንት ወረሂመኖ ብሔራዊ ፓርክ፣ ወደ ሸዋ ሲወርዱ ደግሞ በመንዝ ጓሳ ጥቂት ጥቂት አሉ። ስለዚህ «ቀይ ቀበሮ በእርግጠኝነት አሳይዎታለሁ» የሚል አዘጋጅ ካጋጠመዎ ስልኩን ይዝጉበት። እንስሳው የሚኖረው በቤተሰብ ቢሆንም አይጥ የሚያድነው ብቻውን ነው። ሜዳው ሰፊ ነው፣ ቀለሙም ከደረቀ ሣር ጋር ይመሳሰላል። ሙሉ ቀን ዞሮ ጀርባውን ብቻ አይቶ የሚመለስ ሰው ብዙ ነው።

ጭላዳ ግን በመንጋ ነው የሚውለው፤ አንዳንዴ ብዙ መቶ ሆኖ። የሚያድረው ገደል ላይ ነው፤ ጠዋት ፀሐይ ስትሞቅ ወደ ሜዳው ይወጣል፣ ቁጭ ብሎ በቂጡ እየተንፏቀቀ ሣር ሲነጭ ይውላል። ሰው በለመደበት ቦታ ከሆነ በመካከለኛ ሌንስ፣ አንዳንዴም በጥሩ ስልክ የሚያረካ ፎቶ ይገኛል። የእኔ ምክር ግልጽ ነው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሄድ ሰው ለጭላዳ ይሂድ፣ ቀይ ቀበሮውን እንደ ምርቃት ይቁጠረው።

ሁለቱ አብረው የሚገኙበት ጊዜ መኖሩንም ይወቁ። በ2015 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ የጓሳ ጥናት እንዳሳየው ቀይ ቀበሮ በጭላዳ መንጋ መሐል ሆኖ አይጥ ሲያድን ከሦስት ሙከራ ሁለቱ ይሳካለታል፤ ብቻውን ሲሆን የሚሳካለት ከአራቱ አንዱ ብቻ ነው። ቀስ ብሎ እየተራመደ ነው የሚገባው፣ ጭላዳዎቹም አይሸሹትም። ይህን የሚያውቅ አስጎብኚ መንጋው አጠገብ ተቀምጦ መጠበቅን ይመርጣል። የማያውቀው በመኪና ሲያዞርዎት ይውላል።

መንገዱ

ወደ ቦረና ሳይንት የሚሄደው ከደሴ በአቀስታ በኩል ወደ መካነ ሰላም ነው። ወደ ጓሳ ከሆነ ከኮምቦልቻ በከሚሴና በሸዋ ሮቢት አድርጎ ደብረ ሲናን ወጥቶ ከጣርማ በር ይታጠፋል። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልሉ በቀጠለው ግጭት ምክንያት ትናንት ክፍት የነበረ መንገድ ዛሬ ሊዘጋ እንደሚችል ለእርስዎ መንገር አያስፈልግም። አዘጋጁ «ሰላም ነው» ቢልዎ ገንዘብዎን ስለሚፈልግ ነው ብለው ይጠርጥሩ፤ መናኸሪያ ሄደው በዚያ መስመር በየቀኑ የሚመላለስ ሹፌር ይጠይቁ። እሱ ካመነታ ይቅርብዎ፤ እንስሳቱ የትም አይሄዱም። መንገድ ቢዘጋ ቀብዱ ይመለስ እንደሆነም አስቀድሞ በጽሑፍ ይሁን።

ወሩስ? ከሰኔ አጋማሽ እስከ መስከረም ጉምና ጭቃ ነው። የወሎ ደጋ የበልግ ዝናብም እንዳለው አዲስ አበባ የተቀመጠ አዘጋጅ ይረሳዋል፤ ሚያዝያ ላይ ሰማዩ ቀኑን ሙሉ ሊከደን ይችላል። ጥቅምትና ኅዳር ሣሩ አረንጓዴ፣ አየሩም ጥርት ያለ ነው። ከኅዳር እስከ ጥር ደግሞ ሌሊቱ ውርጭ ነው።

ማን ነው የሚመራዎት?

ጠመንጃ የያዘው ስካውት ጥበቃ እንጂ አስጎብኚ አይደለም፤ ሁለቱን አንድ አድርጎ የሚያስከፍል አለ። አስጎብኚው የአካባቢው ልጅ መሆኑን፣ በማኅበር መታቀፉን፣ ክፍያው ለእሱ መድረሱን ይጠይቁ። ከዚያ አንድ ጥያቄ ይጨምሩ፦ «ጭላዳዎቹ ያደሩበት ገደል ጠዋት ፀሐይ ያገኘዋል ወይስ ጥላ ነው?» ቦታውን በእግሩ የሚያውቅ ሰው ወዲያው ይመልሳል። «እዛ ስንደርስ እናያለን» ያለ ሰው ለፎቶ ጉዞ አይሆንም፤ ለሽርሽር ግን ይሆናል።

ቀይ ቀበሮ ብሎ ተራ ቀበሮ የሚያሳይም አይጠፋም። ቀይ ቀበሮ እግሩ ረጅም፣ አፈሙዙ ቀጭን፣ አንገቱ ሥርና ደረቱ ነጭ፣ የጭራው ጫፍ ጥቁርና ጎፈር ያለው ነው። በዓይንዎ ያረጋግጡ።

በአንድ መኪና ስንት ሰው እንደሚሄድም ይጠይቁ። አላስካ ውስጥ ማክኔል ሪቨር በሚባለው የድብ መጠበቂያ በቀን የሚገቡት በዕጣ የተመረጡ አሥር ጎብኚዎች ናቸው። እኛ ዘንድ ግን አንድ ዶልፊን ሞልቶ ሄዶ ሁሉም በአንድ በኩል ባለው መስኮት ሲጋፋ ይታያል። ከአራት ሰው በላይ ከሆነ ዋጋው ይቀንስ ወይም ይተዉት።

እስከ የት ይጠጋሉ?

ወንዱ ጭላዳ የላይ ከንፈሩን ወደ አፍንጫው ገልብጦ ድዱንና ጥርሱን ካሳየዎ፣ ቅንድቡንም ሽቅብ ስቦ ፈዘዝ ያለውን የዓይን ቆቡን ካወጣ፣ ፎቶ የሚወደድበት ቅጽበት ነው፤ መልእክቱ ግን «ራቅ በል» ነው። አንድ ሁለቱን አንስተው ወደ ኋላ ይበሉ። የዉሻ ክራንቻው ቀልድ አያውቅም። በመንጋውና በገደሉ መካከል አይግቡ፤ ማምለጫው እሱ ነው። ዳቦም ሆነ ቆሎ አይወርውሩ። ምግብ የለመደ ጭላዳ የገበሬውን ገብስ ደፍሮ ይገባል፤ ድንጋይና ዱላ የሚወርድበት እርስዎ ከሄዱ በኋላ ነው።

ከጥቅምት እስከ ጥር ቀይ ቀበሮ የሚወልድበት ወቅት ነው። አስጎብኚው «ጉድጓዱን አውቀዋለሁ፣ ቡችሎቹን አሳይዎታለሁ» ካለ ይህ ጉራው ሳይሆን ጥፋቱ ነው። የተረበሸች እናት ቡችሎቿን ወደ ሌላ ጉድጓድ ታጓጉዛለች፣ በዚያ መሐል ሊሞቱ ይችላሉ። ውሻ የሚያስከትል ቡድን ካዩ ደግሞ ጉዞውን ይሰርዙ። በ2003 እ.ኤ.አ. ከውሻ የመጣ የእብድ ውሻ በሽታ በባሌ ዌብ ሸለቆ ከነበሩት ቀይ ቀበሮዎች ሦስት አራተኛ ያህሉን ፈጅቷል። ቦረና ሳይንት ላይ እንዲህ ዓይነት ነገር ቢደርስ የሚተርፍ ዘር ላይኖር ይችላል።

ገንዘቡ

ዋጋ በጥቅል አይቀበሉ። የመግቢያ፣ የስካውት፣ የአስጎብኚ፣ የመኪናና የነዳጅ፣ የማደሪያና የምግብ እየተባለ ተለይቶ ይጻፍልዎ። የመግቢያ ክፍያ ለኢትዮጵያዊና ለውጭ ዜጋ ይለያያል፤ መታወቂያዎን ይዘው በዜጋ ዋጋ ይክፈሉ፣ ደረሰኙንም ይቀበሉ። ድሮን የሚያስነሳልዎ ካለ ፈቃዱን ዐይተው ይመኑ፤ ያለፈቃድ ድሮን ማብረር በአሁኑ ጊዜ ካሜራውን ብቻ ሳይሆን ራስዎንም ያሳስራል።

ልብስና ዕቃ

የደሴ ሰው 2,500 ሜትር አካባቢ ስለሚኖር ከፍታው ብዙ አያስጨንቀውም። የኮምቦልቻ ሰው ግን ከ1,850 ሜትር ተነስቶ በአንድ ቀን 3,500 ላይ ሊደርስ ስለሚችል ራስ ምታትና ትንፋሽ ማጠር ሊያገኘው ይችላል፤ ደሴ አድሮ ቢነሳ ይሻለዋል። የልብ ወይም የሳንባ ችግር ያለበት ሐኪሙን ሳይጠይቅ አይነሳ።

ለልብስ ብዙ ገንዘብ አያውጡ። ሰኞ ገበያ ወርደው ንፋስ የማያሳልፍ ወፍራም የሰልባጅ ጃኬት መርጠው ይከራከሩ፤ አዘጋጁ ከሚያከራየው ይበልጣል። ቀለሙ ግን ደማቅ አይሁን። ሁለት ኪሎ ያህል ሽምብራ የሚይዝ ከረጢትም ያሰፉ፤ ድንጋይ ወይም የመኪና መስኮት ላይ አስቀምጠው ሌንሱን ቢያሳርፉበት ከባለሦስት እግር ማቆሚያ ይልቅ ፈጣን ነው። ባትሪ በብርድ ቶሎ ስለሚያልቅ ትርፉን በውስጥ ኪስዎ፣ ከገላዎ አጠገብ ይያዙት። የጭላዳ ፊት ጥቁር፣ ከኋላው ያለው ሰማይ ደግሞ ብሩህ ስለሚሆን ካሜራው ብቻውን ከተተወ ፊቱን ያጨልመዋል፤ ብርሃኑን አንድ ደረጃ ከፍ ያድርጉ።

ለቀይ ቀበሮ ከ400 ሚሊሜትር በታች ያለ ሌንስ ነጥብ ነው የሚያሳይዎ። ሌንሱን ተከራይተው ከሆነ ቀብዱን ከመክፈልዎ በፊት አንድ ማለዳ ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደምትርቀው ሐይቅ ከተማ ይዘውት ይሂዱ። በሐይቁ ዳር የውኃ ወፍ አይጠፋም፤ የሚበር ወፍ ላይ ትኩረቱን መያዝ ካቃተዎ ሌንሱን መልሰው ጉዞውን ለሌላ ወር ያዛውሩት።