ትምህርት ለማን ነው?

ስለ ትምህርት ስንወያይ ብዙዎቻችን የምናስበው ስለ ዲፕሎማና ስለ ደመወዝ ነው። ስለዚህ የአንድ ምዕራብ አፍሪካዊ መምህርና የሕዝብ አገልጋይ ታሪክ እንመልከት።

ሮበርት ጋርዲነር በ1914 እ.ኤ.አ. በኩማሲ፣ በዛሬዪቱ ጋና፣ ተወለዱ። በሴራሊዮን ፎራ ቤይ ኮሌጅ፣ ቀጥሎም በእንግሊዝ አገር በካምብሪጅና በኦክስፎርድ ተምረው፣ ወደ ፎራ ቤይ ተመልሰው ኢኮኖሚክስ አስተማሩ።

በ1949 ናይጄሪያ ውስጥ በኢባዳን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ከግቢ ውጭ የሚሰጠውን ትምህርት እንዲመሩ ተሾሙ። ይኸውም ኮሌጅ መግባት ያልቻሉ አዋቂዎች ባሉበት ሥፍራ እንዲማሩ የሚያደርግ ሥራ ነበር። በ1953 ወደ አገራቸው ተመልሰው የማኅበራዊ ኑሮ ጉዳይ ዲሬክተር ሆኑ፤ ጋና በ1957 ነጻ ስትወጣም ከመንግሥት ሠራተኞች አስተዳደር ኃላፊዎች አንዱ ነበሩ።

ከዚያም የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ዋና ጸሐፊ ሆነው፣ ከአሥር ዓመት በላይ እስከ 1975 ድረስ እዚሁ አዲስ አበባ ሠሩ። የአፍሪካ ልማት ባንክን ያቋቋመው ስምምነት በ1963 በካርቱም የተፈረመው በዚህ ኮሚሽን ጥረት ነው። በ1994 አረፉ።

ከዚህ ሕይወት ምን እንማራለን? እኚህ ሰው ዕውቀታቸውን ለራሳቸው ብቻ አላስቀሩም፤ ወደ ትምህርት ቤት መምጣት ላልቻለው ትምህርቱን ወሰዱለት። እኛስ? ከመካከላችን አሥራ ሁለተኛ ክፍል የደረስን አለን፤ በየቤታችንም ደብዳቤ የምናነብላት እናት ወይም ጎረቤት አለች። ደብዳቤውን ማንበብ መልካም ነው፤ ፊደሉን ማስቆጠር ግን ይበልጣል። ከዛሬ ማታ እንጀምር።