ብር ለምን ይጠቁራል?

 

ባለፈው ቅዳሜ አንዲት ተማሪያችን አያቷ የላኩላትን የብር አምባር ይዛ ክፍል መጣች። አምባሩ ጠቁሯል። «ቲቸር፣ ጓደኞቼ የውሸት ብር ነው አሉኝ፤ እውነት ነው እንዴ?» ብላ ጠየቀች። ጥያቄዋ ጥሩ ስለሆነ ዛሬ መልሱን አብረን እንፈልግ።

ብር ምንድን ነው?

ብር እንደ ወርቅና እንደ መዳብ ከብረታ ብረት ወገን የሆነ ንጥረ ነገር ነው። የአቶም ቁጥሩ 47 ነው። ነጭ ሆኖ ያብረቀርቃል፤ የሚቀልጠውም በ962 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው። ኤሌክትሪክና ሙቀትን በማስተላለፍ ከብረታ ብረት ሁሉ አንደኛ ነው። ስለዚህ ለጌጣጌጥ ብቻ ሳይሆን ለኤሌክትሮኒክስ ዕቃዎችና ከፀሐይ ኤሌክትሪክ ለሚያመነጩ ሰሌዳዎችም ይጠቅማል።

ብር ከመሬት ተቆፍሮ ይወጣል። ብዙ ጊዜ ብቻውን አይገኝም፤ ከእርሳስ፣ ከዚንክ፣ ከመዳብ ወይም ከወርቅ ጋር ነው። ብዙ ብር በማምረት የታወቀችው አገር ሜክሲኮ ናት።

ንጹህ ብር ለስላሳ ስለሆነ በቀላሉ ይጎብጣል። ለዚህ ነው ጌጥ ሲሠራ ጥቂት መዳብ የሚጨመርበት። ቀለበት ላይ 925 የሚል ቁጥር ካያችሁ፣ ከ1000 እጅ 925ቱ ብር ነው ማለት ነው። የአገር ቤት አንጥረኛ የሠራው ጌጥ ላይ ግን ቁጥሩ ላይኖር ይችላል። ቁጥር የለውም ማለት ብር አይደለም ማለት አይደለም!

ገንዘባችን ለምን «ብር» ተባለ?

ድሮ በኢትዮጵያ ሰው የሚገበያይበት ትልቅ ሳንቲም ጠገራ ብር ይባል ነበር። በላዩ ላይ የኦስትሪያዋ ገዢ የማሪያ ቴሬዛ ምስል አለ። አንዱ 28 ግራም ያህል ይመዝናል፤ ከዚህ ውስጥ 23 ግራም ያህሉ ንጹህ ብር ነው። ማሪያ ቴሬዛ እ.ኤ.አ. በ1780 ሞተች፤ ሳንቲሙ ግን ሰው ስላመነበት ከዚያ በኋላም ያንኑ 1780 የሚለውን ዓመት እንደያዘ ይሠራ ነበር።

በ1937 ዓ.ም. አዲስ የወረቀት ገንዘብ ወጣና ጠገራው ቀስ በቀስ ከገበያ ጠፋ። ስሙ ግን ቀረ። የዛሬው ባለ አንድ ብር ሳንቲም ውስጥ ብር የለም! ፈረንሳይ የምትኖሩ ልጆች «አርዣን»፣ እስራኤል ያላችሁ ደግሞ «ኬሴፍ» የሚሉትን ቃላት ታውቃላችሁ አይደል? እነሱም እንደኛው ብረቱንም ገንዘቡንም ይጠራሉ።

አንጥረኞች ጠገራውን እያቀለጡ መስቀል፣ ድሪ፣ አምባርና የጆሮ ጌጥ ይሠሩበት ነበር። ማን ያውቃል፣ የተማሪያችን አምባርም ድሮ የአንድ ሰው ገንዘብ ነበር ይሆናል።

ታዲያ ለምን ጠቆረ?

አየር ውስጥ ድኝ ያለበት ጋዝ በጥቂቱ አለ። እንቁላልና ሽንኩርት ውስጥም ድኝ አለ። ድኙ ብሩን ሲነካው አብረው ይዋሃዱና ጥቁር ሽፋን ይሠራሉ። ብሩ ከሥር አልተበላሸም። እንግዲህ የተማሪያችን አምባር ስለጠቆረ ብቻ ውሸት ሊባል አይችልም፤ እውነተኛ ብርም ይጠቁራል!

እንሞክረው

ከእናት ወይም ከአባት ጋር ሁኑ፤ ሙቅ ውኃውን እነሱ ያፍስሱ።

1. ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ የአሉሚኒየም ፎይል አንጥፉ።
2. የጠቆረ የብር ማንኪያ ፎይሉን እንዲነካ አድርጋችሁ አስቀምጡ።
3. አንድ የሾርባ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ ነስንሱና ሙቅ ውኃ ይጨመርበት።
4. ጥቂት ደቂቃ ጠብቁ።

ድኙ ብሩን ለቆ ወደ አሉሚኒየሙ ይሄዳል፤ ማንኪያውም ይነጣል። የተበላሸ እንቁላል ቢሸታችሁ አትደንግጡ፣ ድኙ ነው። ፈርጥ ወይም ቅርጽ ያለበትን የድሮ ጌጥ ግን እዚህ ውስጥ አትንከሩት። ቅርጹ ውስጥ ያለው ጥቁረት ውበቱ ነውና በለስላሳ ጨርቅ ብቻ ወልውሉት።

የቤት ሥራ

ሀ. ጠገራ ብር ላይ የማን ምስል አለ?
ለ. ብርን የሚያጠቁረው ምንድን ነው?
ሐ. ለአያታችሁ ወይም ለሌላ ትልቅ ሰው ስልክ ደውሉና «ቤታችን ያለውን የብር ጌጥ ማን ሠራው? ከማንስ ተገኘ?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱን በአማርኛ በአምስት መስመር ጽፋችሁ ቅዳሜ ይዛችሁ ኑ።

ደህና ሰንብቱ!